አካል ጉዳት ያለበት ገበሬ ከእርሻ ሥራው ሳይለይ እንዲቀጥል የሚያስችል ዝርዝር መመሪያ

አንድ ገበሬ እጁን ወይም እግሩን ሲያጣ፣ የዐይኑ ብርሃን ሲደክም ወይም መገጣጠሚያዎቹ በሕመም ሲያዙ፣ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ቀድመው የሚያስቡት ሥራውን የሚረከብለትን ሰው ነው። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመነጨ ቢሆንም ገበሬውን ለሁለተኛ ጉዳት ይዳርገዋል፤ ምክንያቱም እርሻ ለገበሬ ከገቢ ምንጭነቱ ባሻገር መኖሪያው፣ ዕውቀቱና በማኅበረሰቡ ዘንድ የሚከበርበት ስፍራው ጭምር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው 1.3 ቢሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶው፣ ከፍ ያለ የአካል ጉዳት አለባቸው። እርሻ ደግሞ ራሱ ጉዳት ከሚያደርሱ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ማሽኑ፣ እንስሳው፣ ኬሚካሉ፣ ጩኸቱና ለዓመታት የተሸከሙት ጭነት የየራሳቸውን አሻራ በሰውነት ላይ ያሳርፋሉ።

ከጉዳት በኋላ በእርሻ መቀጠል እንደሚቻል በተግባር ታይቷል። በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከእ.ኤ.አ. 1979 ጀምሮ አካል ጉዳት ላለባቸው ገበሬዎች የሚሆኑ መሣሪያዎችንና አሠራሮችን ሲያጠና ቆይቷል። የሀገሪቱ የግብርና ሕግ እ.ኤ.አ. በ1990 አግርአቢሊቲ ለተባለው ፕሮግራም መሠረት የጣለ ሲሆን፣ የፕሮግራሙ አሠራር የዩኒቨርሲቲ የግብርና ኤክስቴንሽን አገልግሎትን ከአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ድርጅት ጋር አጣምሮ ገበሬውን በሚሠራበት ቦታ ማገዝ ነው። ከዚህ አሠራር ሊወሰድ የሚገባው ዋና ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ ሥራው በዐይን ይታያል፣ ከዚያ መፍትሔው ይታሰባል፣ ገንዘብ የሚወጣው በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ በብዙ ገንዘብ የተገዛው መሣሪያ በመጋዘን ጥግ አቧራ ይጠጣል።

መመሪያው የተዘጋጀው ለቤተሰብ አባላት፣ ለግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮችና ለተሐድሶ ባለሙያዎች ነው፤ ገበሬው ራሱም ሊመራበት ይችላል።

ደረጃ 1፦ አስተባባሪ መሰየምና የችኮላ ውሳኔን ማዘግየት

ድጋፉ ከአንድ ሰው ዕውቀት በላይ ይፈልጋል። የኤክስቴንሽን ባለሙያው ሰብሉንና ወቅቱን ያውቃል፤ የፊዚዮቴራፒ ወይም የኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ተዕለት ሥራን መልሶ ለመሥራት የሚያግዝ ሕክምና) ባለሙያው የገበሬው ሰውነት ምን እንደሚችል ያውቃል፤ ብየዳና እንጨት ሥራ የሚችል የእጅ ባለሙያ መሣሪያውን ይለውጣል፤ ቤተሰቡ የየዕለቱን ኑሮ ይሸፍናል። እነዚህን የሚያገናኝ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ካልተሰየመ እያንዳንዱ ሌላውን ሲጠብቅ የዘር ወቅቱ ያልፋል። አስተባባሪው ከፍተኛ ባለሙያ መሆን የለበትም፤ ማስታወሻ የሚይዝ፣ ቀጠሮ የሚያስታውስና ገበሬው የሚያምነው ሰው መሆኑ ይበቃል።

ጉዳቱ ድንገተኛ ከሆነ ንግግሩ ገበሬው ገና ሆስፒታል ሳለ ቢጀመር መልካም ነው። ገበሬው በእርሻ የሚተዳደር መሆኑን ሐኪሞቹና የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያዎቹ ቀድመው ካወቁ፣ የሚያዘጋጁት እግር ወይም ወንበር ለለሰለሰ ወለል ብቻ የሚሆን እንዳይሆን ይጠነቀቃሉ። በሌላ በኩል መሬት መሸጥን፣ ከብት መበተንን፣ የእርሻ መሣሪያ ማስተላለፍን የመሰሉ የማይመለሱ ውሳኔዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መወሰን የለባቸውም። በዚያ ወቅት ሕመሙ ከባድ ነው፤ ሐዘኑም ትኩስ ነው፤ ገበሬው ከወራት በኋላ ምን ሊችል እንደሚችል ማንም በትክክል ሊናገር አይችልም። ለዚያ ጊዜ የሚያስፈልገው ለአንድ የእርሻ ወቅት የሚሆን ጊዜያዊ ዝግጅት ነው፦ የጎረቤት እገዛ፣ የቅጥር ጉልበት ወይም የማሳውን ከፊል በውል ለሌላ ማሠራት።

ደረጃ 2፦ ከገበሬው ጋር መነጋገር

ውሳኔው የገበሬው መሆኑን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ማሳየት ያስፈልጋል። ጥያቄው ለወንድሙ ወይም ለልጁ ሳይሆን ለራሱ ይቅረብ። መስማት የተሳነው ከሆነ በምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ወይም በጽሑፍ፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ከሆነ በአጫጭር ጥያቄዎችና በማሳው ላይ እየዞሩ በማሳየት መነጋገር ይቻላል። ሦስት ነገሮች በግልጽ ይጠየቁ፦ የትኛውን ሥራ በገዛ እጁ መሥራት እንደሚፈልግ፣ የትኛውን ለሌላ ቢሰጥ ቅር እንደማይለው፣ የትኛው ሥራ እንደሚያስፈራው። ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ነገር ግን በማሽን የተጎዳ ሰው ወደዚያው ማሽን ሲመለስ የሚሰማው ፍርሃት ካልተነገረ ሥራውን ያለ ምክንያት የሚያመነታ ያስመስለዋል።

ሴት ገበሬዎችን በተመለከተ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዘር መምረጥ፣ ማለብ፣ ማረም፣ የጓሮ አትክልት መንከባከብ፣ ምርት ማድረቅና ማከማቸት በብዙ ቦታ የቤት ሥራ ተብለው ስለሚታለፉ የድጋፍ ዕቅዱ ውስጥ ሳይገቡ ይቀራሉ፤ ከጉዳቷ በኋላም ገበሬዋ እነዚያኑ ሥራዎች ያለ ምንም ማስተካከያ እንድትሠራ ይጠበቅባታል። ስለዚህ የሥራው ዝርዝር የሚዘጋጀው ማለዳ ከምትነሣበት ሰዓት እስከምትተኛበት ሰዓት ድረስ መሆን አለበት።

ደረጃ 3፦ ሥራውን ወደ እንቅስቃሴ መበተን

ይህ ደረጃ ከሁሉም ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። «ማለብ አልችልም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንውሰድ። ማለብ ወደ በረቱ መሄድን፣ ባዶ ዕቃ መያዝን፣ ዝቅ ብሎ መቀመጥን፣ በጣት መጭመቅን፣ መነሣትንና የሞላ ዕቃ ተሸክሞ መመለስን ያካትታል። ጉልበቱ የታመመ ገበሬ የሚያቅተው ምናልባት ከዝቅተኛው መቀመጫ መነሣት ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከፍ ያለና የማይንሸራተት መቀመጫ ወይም ላሟ የምትቆምበት ከፍ ያለ መደብ ይፈታለታል። የጣቶቹ መገጣጠሚያ የታመመ ገበሬ ግን መቀመጫው ምንም አይጠቅመውም፤ እርሱ የማለቢያ ማሽን ወይም የሥራ ልውውጥ ያስፈልገዋል። ሁለቱም የተናገሩት አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው፤ መፍትሔያቸው ግን አይገናኝም።

ስለዚህ አስተባባሪው ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ከገበሬው ጋር ይዋል። እያንዳንዱን ሥራ ወደ መድረስ፣ መያዝ፣ ማንሣት፣ መሸከም፣ መጎንበስ፣ መውጣት፣ ማየት፣ መስማትና ማስታወስ ይበትነው፤ ሰንሰለቱ የሚበጠሰው የትኛው ላይ እንደሆነም ይጻፍ። ሜትር ይዞ የበሩን ስፋት፣ የመንገዱን ርቀት፣ የመደርደሪያውን ከፍታ መለካት፣ ሚዛን ይዞም የሚሸከመውን ጭነት መመዘን ያስፈልጋል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለጤናማ ሠራተኛ እንኳ እጅግ ምቹ በሆነ ሁኔታ ሊነሣ የሚገባው ክብደት ከ23 ኪሎ ግራም ማለፍ እንደሌለበት ይመክራል። እርሻ ቤት ውስጥ 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጆንያ የተለመደ መሆኑን ስናስብ፣ ችግሩ ከገበሬው ሰውነት ይልቅ ከጆንያው ጋር እንደሆነ እንረዳለን።

በመቀጠል ሥራዎቹ በዓመቱ ወቅቶች ላይ ይደልደሉ። ጥቂት ቀን ቢዘገይ የማይጎዳ ሥራ አለ፤ እንደ ዘር መዝራትና አጨዳ ያለው ደግሞ ቀኑ ካለፈ የማይመለስ ነው። ገንዘቡና ጉልበቱ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደዚህ ወደ ሁለተኛው ነው።

ደረጃ 4፦ የሰውነቱን ጠባይ ማወቅ

ከሐኪሙ መጠየቅ ያለበት ገበሬው በማሳ ላይ ሲውል ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል ነው። የሕመሙ ስም ብቻውን ለዕቅዱ ብዙም አይጠቅምም።

የአከርካሪ ነርቭ ጉዳት ያለበት ሰው ከጉዳቱ በታች ያለው ቆዳው ላይ ስሜት ስለሌለው በመቀመጥ ብዛት የሚመጣ ቁስል ሳያውቀው ይጀምረዋል። በወንበርም ሆነ በትራክተር መቀመጫ ላይ ሳለ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ጎንበስ ብሎ ወይም በእጁ ተደግፎ ክብደቱን ማንሣት፣ ማታ ማታ ደግሞ በመስታወት ቆዳውን መመርመር አለበት። ጉዳቱ በደረት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውነቱ በሚገባ ስለማያልብ በፀሐይ ፈጥኖ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሥራው ወደ ማለዳና ወደ አመሻሽ ይዞር፣ ጥላና ሰውነት የሚያርሱበት ውሃም አይጥፋ። ከስድስተኛው የደረት አከርካሪ በላይ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ድንገተኛ የደም ግፊት መናር ሊያጋጥማቸው ይችላል። ምልክቱ ጭንቅላትን የሚፈልጥ ራስ ምታትና ፊት ላይ መቅላት ወይም ማላብ ነው። በአብዛኛው የሚነሣው ከሞላ ፊኛ ወይም ከተጣጠፈ የሽንት ቱቦ በመሆኑ፣ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ቀጥ አድርገው ማስቀመጥን፣ ጠበቅ ያለ ልብሱን ማላላትን፣ ቱቦውን መመልከትንና ምልክቱ ካልጠፋ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ማድረስን አስቀድመው መማር አለባቸው።

ሰው ሠራሽ እግር የሚያደርግ ገበሬ ዋና ጠላቶቹ ላብ፣ ጭቃና ወጣ ገባ መሬት ናቸው። የተቆረጠው አካል በቀን ውስጥ ስለሚያብጥና ስለሚቀንስ ትርፍ ካልሲዎችን ይዞ መውጣት፣ እኩለ ቀን ላይ አውልቆ ማድረቅና መቅላት ካየ ማረፍ ይኖርበታል። በመጀመሪያው ዓመት የተቆረጠው አካል በጣም ስለሚከሳ እርሱ የሚገባበት የሰው ሠራሽ እግሩ ማቀፊያ በድጋሚ መሠራቱ አይቀርም፤ ወጪው ከወዲሁ ይታሰብ። ለእጅ ደግሞ በሰውነት እንቅስቃሴና በገመድ የሚሠራው የብረት መንጠቆ፣ መልኩ ባያምርም፣ አቧራና እርጥበት ባለበት ሥራ ከኤሌክትሪኩ እጅ ይልቅ ጸንቶ ይሠራል።

በስኳር ሕመም ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት የእጅና የእግር ስሜቱን ያጣ ገበሬ ሻካራ እጀታን በጨርቅ ወይም በጎማ መጠቅለል፣ የተዘጋ ጫማ ማድረግና ሥራ ሲጨርስ እጅና እግሩን በዐይኑ መመርመር ያስፈልገዋል፤ ሕመም ስለማይነግረው ዐይኑ ይንገረው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት እየወሰደ አብዛኛውን የእርሻ ሥራ መሥራት ይችላል፤ ከፍታ ላይ፣ ክፍት ውሃና እሳት አጠገብ እንዲሁም በሚሽከረከር ማሽን ላይ ብቻውን መሆን ግን የለበትም።

ከአካል ጉዳት በኋላ የመንፈስ ጭንቀት መምጣቱ የተለመደ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ «ሸክም ሆንኩባችሁ» የሚል ንግግር ከታየ በጨዋነት ዝም ብሎ ማለፍ አይገባም። ፀረ ተባይ ኬሚካል በብዙ የገጠር አካባቢዎች ሰዎች ሕይወታቸውን ከሚያጠፉባቸው መንገዶች አንዱ በመሆኑ፣ ኬሚካሉ በቁልፍ ተዘግቶ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ይሁን፤ ገበሬውም በግልጽ ተጠይቆ ወደ ጤና ባለሙያ ይወሰድ።

ደረጃ 5፦ መፍትሔዎችን ከቀላሉ ወደ ከባዱ መፈለግ

መጀመሪያ ሥራው ራሱ ይፈተሽ። ጨርሶ ሊቀር ይችላልን? አፈሩን በጉዝጓዝ መሸፈን የአረሙን ሥራ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ውሃ በቧንቧ ወደ በረቱ ቢደርስ በባልዲ መመላለስ ይቀራል። ካልቀረ ሊለዋወጥ ይችላልን? እጁ ጠንካራ የሆነ በወንበር የሚሄድ ገበሬ የጎረቤቱን መሣሪያ ሊጠግን፣ ችግኝ ሊያዘጋጅ፣ የሽያጭ ሒሳብ ሊይዝ ይችላል፤ ጎረቤቱ በምላሹ ዳገታማውን ማሳ ያርስለታል። ይህ ውለታ ሳይሆን ልውውጥ ስለሆነ ሰዓቱና ዋጋው በግልጽ ተነጋግሮ መያዝ አለበት።

ቀጥሎ አሠራሩ ይለወጥ። ጆንያው ከመጀመሪያው በግማሽ ይሞላ። ቆሞ የሚሠራው በመቀመጥ ይሠራ። ዕረፍት ሕመሙ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት ይወሰድ። ከባዱ ሥራ በአንድ ቀን ከሚያልቅ በሦስት ማለዳዎች ይከፈል።

ከዚያ በኋላ የእጅ መሣሪያው ይመጣል። ጣታቸው ለሚያማቸው ገበሬዎች ቀጭን እጀታ ትልቅ መከራ ነው፤ ዲያሜትሩ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን በጎማ ወይም በጨርቅ መወፈር አለበት። የዶማና የመኮትኮቻ እጀታ ሲረዝም መጎንበስ ይቀንሳል፤ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ማጠር አለበት። በአንድ እጁ ለሚሠራ ገበሬ በእጀታው መካከል ሁለተኛ መያዣ መግጠም ወይም እጀታውን ከክንዱ ጋር የሚያስር ማቀፊያ መሥራት ክብደቱን ከእጅ አንጓ ወደ ክንድ ያዞረዋል። ሁለት ጎማ ያለው የእጅ ጋሪ አንድ ጎማ ካለው ይልቅ ሚዛኑን ራሱ ስለሚጠብቅ ሚዛን መጠበቅ ለሚቸግረው ሰው ይሻላል።

ውድ ማሽንና ልዩ መሣሪያ በመጨረሻ ይታሰቡ። በእኔ እምነት ለጋሾችና ፕሮጀክቶች ከዚህ መጀመራቸው ብዙ ገንዘብ አባክኗል። ከመግዛት በፊት ሦስት ጥያቄዎች መልስ ያግኙ፦ ሲበላሽ የሚጠግነው ማነው፣ መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ ገበሬው ለጥቂት ቀን ተውሶ በገዛ ማሳው ላይ ሞክሮታልን?

ደረጃ 6፦ ማየትና መስማት ለተሳናቸው ገበሬዎች ሥራውን ማደራጀት

ዐይነ ስውር ገበሬ ማሳውን በእግሩና በእጁ ያነብባል። ከቤት ወደ በረት፣ ወደ ውሃና ወደ ማሳ የሚወስዱ መንገዶች በተወጠረ ገመድ ወይም በእግር በሚለይ የጠጠር ጠርዝ ምልክት ይደረግባቸው። የዘር መስመሩን ለመጠበቅ በሁለት ችካል መካከል የሚወጠርና በሚፈለገው ርቀት የተቋጠረ ሲባጎ ይበቃል፤ ጣት ቋጠሮውን ሲያገኝ ዘሩ እዚያ ይወርዳል። መሣሪያ ሁሉ ቋሚ ቦታ ይኑረው፤ ቤተሰቡም ዕቃ አንሥቶ ሌላ ቦታ አለመተውን እንደ ሕግ ይያዘው። የቤት እንስሳት ቃጭል ይደረግላቸው። ትንሽ ማየት ለሚችል ሰው የደረጃን ጠርዝ፣ የበርን መቃንና የማሽንን አደገኛ ክፍል በቢጫ ወይም በነጭ ቀለም መቀባት ርካሽና ውጤታማ ነው። ኬሚካል ግን ከኦሪጅናል ዕቃው ወደ ሌላ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጥ፤ እያንዳንዱ ዕቃ በሚዳሰስ ምልክት፣ ለምሳሌ በላስቲክ ቀለበቶች ብዛት፣ ይለይ።

መስማት የተሳነው ገበሬ ዋና አደጋ ከኋላ የሚመጣው ነገር ነው። ማሽኑ ላይ ሰፋ ያለ መስታወት መግጠም፣ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ በብርሃን መተካት፣ አብረውት የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ «አቁም»፣ «ወደ ኋላ»፣ «ሞተሩን አጥፋ» የሚሉ የእጅ ምልክቶችን ከሥራ በፊት መስማማት አለባቸው። ከኋላው ሄዶ ትከሻውን ድንገት መንካት አይገባም። ለቀሩት ገበሬዎችም ማስታወስ የሚገባው፣ ለስምንት ሰዓት የሚቆይ ከ85 ዴሲቤል በላይ የሆነ ጩኸት የመስማት ኃይልን ቀስ በቀስ የሚቀንስ መሆኑን ነው፤ ካቢን የሌለው ትራክተር ይህን መጠን በቀላሉ ያልፋል፤ ስለዚህ የጆሮ መከላከያ ከመጀመሪያው ቀን ይደረግ።

ደረጃ 7፦ ቦታውን ማስተካከል

መደበኛ ተሽከርካሪ ወንበር ለስላሳ ወለል ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች በታረሰ መሬት ውስጥ ይሰምጣሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የተሽከርካሪ ወንበር መመሪያ ላይ ወንበሩ ተጠቃሚው ለሚኖርበት አካባቢ የሚስማማ መሆን እንዳለበት አስፍሯል፤ ለገበሬ ይህ ማለት በአብዛኛው በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ረዘም ያለ ርቀት ያለውና ሰፊ ጎማዎች ያሉት፣ ብዙ ጊዜም ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ነው።

መንገዱ በደንብ የተጠቀጠቀ፣ ውሃ የማይቋጥርና ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ይሁን። ወንበሩ የሚዞርበት ቦታ 150 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል። የመወጣጫው ተዳፋት ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላለው የመጋዘን በር 7.2 ሜትር መወጣጫ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ረጅም ስለሆነ ማሳጠር ያጓጓል። ነገር ግን አጭርና ቀጥ ያለ መወጣጫ ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሰው አደገኛ ነው፤ ከዚያ ይልቅ ዕቃውን ወደ ታች አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል።

ለአትክልት ከፍ ያለ መደብ መሥራት ይቻላል። ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ከፍታው ከ60 እስከ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ ከአንድ ወገን ብቻ ከተደረሰበት 60፣ ከሁለት ወገን ከተደረሰበት 120 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ስለሚደርቅ የጠብታ መስኖ አብሮ ቢታሰብ ጥሩ ነው። ለሰፊ እህል ማሳ ግን ይህ አያገለግልም።

ደረጃ 8፦ ማሽን፣ እንስሳና ኬሚካል

አካል ጉዳት ያለበትን ሰው ሌላ ጉዳት እንዳይጨመርበት መጠበቅ የድጋፉ ግማሽ ነው። በአንድ እጁ የሚሠራ ሰው የቀረውን እጁን፣ ወንበር የሚገፋ ሰው ትከሻውን ያደክማል፤ የቀረው አካል ሲጎዳ የሚወድቀው ሥራው ሁሉ ነው።

ትራክተር ላይ ለመውጣት ተጨማሪ ዝቅተኛ ደረጃ፣ የማይንሸራተት መርገጫና በሁለቱም ወገን መያዣ ይገጠም። እግሩን መጠቀም ለማይችል ገበሬ የፍሬንና የፍሪሲዮን ፔዳሎች በእጅ በሚሠራ ዘንግ ሊተኩ፣ ገበሬውን ወደ መቀመጫው የሚያወጣ ማንሻም ሊገጠም ይችላል፤ ይህን ሥራ ግን ማሽኑን የሚያውቅ ባለሙያ ይሥራው። ትራክተሩ ሲገለበጥ ነጂውን ከመጨፍለቅ የሚያድነውን የብረት ማዕቀፍ መብሳት ወይም በላዩ መበየድ ጥንካሬውን ስለሚቀንስ ክልክል ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 ማዕቀፉን በአዳዲስ ትራክተሮች ላይ ግዴታ ካደረገች በኋላ በመገልበጥ የሚሞቱ ሰዎች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል፤ ማዕቀፉ የሚያድነው ግን ቀበቶ ለታሰረ ሰው ነው፤ የወገቡን ሚዛን ለማይጠብቅ ገበሬ ደግሞ የደረት ቀበቶ ይጨመር። ከትራክተሩ ወደ ተገጠመለት መሣሪያ ኃይል የሚያስተላልፈው የፒቲኦ ዘንግ በአብዛኛው በደቂቃ 540 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 9 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የሰው ሠራሽ እጅ ገመድ፣ የተንጠለጠለ የሱሪ እግር ወይም የምርኩዝ ማሰሪያ ከያዘ ለማምለጥ ጊዜ የለም። መሸፈኛው ሁልጊዜ በቦታው ይኑር፤ ልቅ ልብስም ይታሰር። ስልክ በማሽኑ ላይ ሳይሆን በገበሬው ሰውነት ላይ ይታሰር፤ የወደቀ ሰው መቀመጫው ላይ የተተወ ስልክ ሊደርስበት አይችልም።

እንስሳትን በሚመለከት ከብት ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ቢያይም በቀጥታ ከኋላው ያለውን አያይም፤ ለወንበር፣ ለምርኩዝና ለሰው ሠራሽ እግር ድምፅም ቀስ በቀስ መለመድ አለበት። በበረቶች የሚሠራው ጠባብ የማምለጫ ክፍተት ለቆመ ሰው የታሰበ ስለሆነ በወንበር ላለ ሰው አይሆንም፤ ለእርሱ በእርሱና በከብቱ መካከል በአንድ እጅ የሚዘጋ በር ያስፈልገዋል። የተረጋጋ ጠባይ ያላቸውን እንስሳት መምረጥ፣ ኮርማን ለሌላ ሰው መተው ነውር የለበትም።

ኬሚካል ሲረጭ የወንበሩ ትራስ፣ የሰው ሠራሽ አካሉ ማሰሪያና የጓንቱ ውስጥ መርዙን ይመጥጣሉ፤ ጎማዎቹም ወደ ቤት ይዘውት ይገባሉ። ስለዚህ ትራሱ ውሃ በማያስገባ ሽፋን ይሸፈን፣ ማሰሪያውና ጎማው ከቤት ውጭ ይታጠቡ። በእጁ እየተደገፈ በመሬት ላይ የሚሄድ ገበሬ በተረጨ ማሳ ውስጥ መግባት የለበትም። ርጭት ለሌላ ሰው ሊሰጡ ከሚገባቸው ሥራዎች የመጀመሪያው ነው።

ደረጃ 9፦ ገንዘብ፣ ሕግና ሥልጠና

የእያንዳንዱ ማስተካከያ ወጪ ከሁለት ነገሮች ጋር ይነጻጸር፦ ለዚያው ሥራ በየዓመቱ ለቅጥር ጉልበት ከሚከፈለው፣ ሥራው ሳይሠራ ቢቀር ከሚጠፋው ምርት ጋር። በዚህ ስሌት ብዙዎቹ ትንንሽ ማስተካከያዎች ዋጋቸውን በአንድ ወይም በሁለት ወቅት ይመልሳሉ፤ ስሌቱም በጽሑፍ ሲቀርብ ለብድር ጥያቄ ጥሩ ማስረጃ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ውሏል። አንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ንብረት የማፍራትና የመውረስ፣ የገንዘብ ጉዳያቸውን ራሳቸው የመምራትና የባንክ ብድር በእኩልነት የማግኘት መብት እንዳላቸው፣ አንቀጽ 27 ደግሞ መንግሥታት የራስን ሥራ መፍጠርንና የኅብረት ሥራ ማኅበራትን እንዲያበረታቱ ይደነግጋል። ስምምነቱን ባጸደቀ ሀገር ብድር ወይም የመሬት ውርስ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ብቻ የተከለከለ ገበሬ ይህን ጠቅሶ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። አስተባባሪው የመሬቱ ማስረጃ በማን ስም እንዳለ ቀድሞ ይመልከት፤ «እንረዳሃለን» በሚል ወደ ዘመድ ስም የዞረ መሬት ብዙ ጊዜ አይመለስም።

የግብርና ሥልጠናም ገበሬው ሊደርስበት በሚችል ቦታ ይሰጥ፤ ደረጃ ያለው አዳራሽ፣ ጽሑፍ ብቻ ያለው በራሪ ወረቀት፣ አስተርጓሚ የሌለው ስብሰባ የሚያስቀረው ሰው አለ። በሠርቶ ማሳያ ቀን ይህ ገበሬ ማሳውን እንዲያሳይ መጋበዝ በአድማጭነት ከመጥራት ይበልጣል።

ደረጃ 10፦ መሞከር፣ መከታተልና መመዝገብ

አዲስ መሣሪያና አሠራር ሥራ በማይበዛበት ወቅት ይሞከር እንጂ በአጨዳ ዋዜማ አይጀመር። መጀመሪያ በግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ በግማሽ ቀን፣ ቀጥሎ በሙሉ ቀን እያሳደጉ፣ በማግስቱ ያለውን ሕመምና ድካም መጠየቅ ያስፈልጋል። በማግስቱ የሚቀጥል ሕመም ካለ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።

አስተባባሪው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በወቅቱ አጋማሽና ከምርት በኋላ ይመለስ። የሚያያቸው ነገሮች የቆዳ ቁስል፣ የቀረው አካል ሕመም፣ የተላላ ብሎንና የተሰነጠቀ ብየዳ፣ እንዲሁም ሳይነካ የተቀመጠ መሣሪያ ናቸው። ሳይነካ የተቀመጠ መሣሪያ ሲገኝ ገበሬውን መውቀስ አያስፈልግም፤ ከደረጃ 3 ጀምሮ ያ ሥራ በድጋሚ ይታይ። ጉዳቱም ሆነ ዕድሜው ስለሚለወጥ ዕቅዱ በየዓመቱ ከእርሻ ወቅት በፊት ይከለስ፤ ገበሬው በዚያ ጊዜ አንዱን ሥራ ለመተው ከወሰነ ውሳኔው ይከበርለት፤ በፋንታው የሚይዘው ሥራም አብሮ ይወሰን። የተሳካው መሣሪያ ልኩ ተወስዶ በፎቶግራፍና በቀላል ንድፍ ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ ለእጅ ባለሙያው፣ ሌላው ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም ለኤክስቴንሽን ጽሕፈት ቤቱ ይሰጥ፤ ተመሳሳይ ጉዳት የሚደርስበት ቀጣዩ ገበሬ ከዚያ ይጀምራል።